ርዝመትና ዳርቻ

ድርጊቱ ረጅም ጊዜ ከቆየ «ፓስት ኮንቲኒዩስ»፣ ቶሎ ካለቀ «ሲምፕል ፓስት» የሚል ደንብ በብዙ የእንግሊዝኛ ተማሪዎቻችን አእምሮ ሥር ሰድዷል። ምክንያት አያጣም። በአማርኛ «አሥር ዓመት ጎንደር እኖር ነበር» ብንል ጆሮ አይቆረቁርም፤ ያንኑ ይዘን «አይ ዋዝ ሊቪንግ» እንላለን። እንግሊዞች ግን እዚህ ላይ «አይ ሊቭድ» ማለትን ይመርጣሉ። አሥር ዓመት እኮ ረጅም ነው! ታዲያ ለምን?

መልሱ ያለው ርዝመት መቼ እንደሚለካ በመጠየቅ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው ሥራው 11ኛ መጽሐፍ ይህንኑ መርምሯል። በመሰማት ላይ ያለ ድምፅ ገና አላበቃምና አይለካም፤ ካበቃ በኋላ ደግሞ የለም። ስለዚህ የምንለካው በኅሊና የቀረውን አሻራ ነው ብሎ ደመደመ። በመደምደሚያው ሰው ሊከራከር ይችላል። የመነሻ ሐሳቡ ግን ጽኑ ነው፦ መለካት ዳርቻ ይፈልጋል።

ይህን በእንግሊዝ ምድር እንፈትነው። ንግሥት ኤልሣቤጥ ዳግማዊት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 ነገሡ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። በዚያ ዕለት ጠዋት ስለ ሰባው ዓመት የሚናገር ሰው «ሺ ሃዝ ሬይንድ» ማለት ነበረበት፤ ማታ ግን «ሺ ሬይንድ»። ሰባው ዓመት ያው ሰባ ነው። የተለወጠው ዳርቻው ብቻ ነው። ጠዋት ንግሥናው ስላላበቃ «አሁን» የምንለው ቅጽበት ዳርቻ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የ«ፕረዘንት ፐርፌክት» ሥራም ይኸው ነው። ማታ ግን ንግሥናው የራሱ ፍጻሜ ነበረው። ሰባ ዓመት ያህል ረጅም ዘመን በአጭሩ ግስ መነገሩ ሊያስገርመን አይገባም፤ «ሲምፕል ፓስት» የሚጠይቀው የተዘጋ ሙሉ ነገር እንጂ አጭር ነገር አይደለም።

«ሺ ዋዝ ሬይኒንግ»ስ? ዊንስተን ቸርችል በ1955 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲለቁ ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ ለማለት ይሆናል። እዚያ ላይ ግን ዓመት አንቆጥርም። ድርጊቱ ውስጥ ገብተን መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ሳናይ አንዷን ቅጽበት እናመለክታለን። ከውስጥ የሚያይ ሰው ዳርቻ አይታየውም፤ ስለዚህም አይለካም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። እንግሊዞች ራሳቸው «ኢት ዋዝ ሬይኒንግ ኦል ዴይ» ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይዘንብ ነበር ማለታቸው ነው። ርዝመትም ቀጣይነትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገብተዋል። ይህ እውነት ነው፤ ስሕተትም አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ተናጋሪው ቀኑን ከመለካት ይልቅ አድማጩን ዝናቡ ውስጥ አስገብቶ ርዝመቱ እንዲሰማው ይፈልጋል። ለሕይወት ታሪክ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለታሪክ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ልኩ ነው።

«ፓስት ፐርፌክት»ም ከዚህ አይርቅም። የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1977 ላይ ቆመን ወደ ኋላ ብናይ፣ ንግሥቲቱ 25 ዓመት «ሃድ ሬይንድ» እንላለን፤ ዳርቻው «አሁን» መሆኑ ቀርቶ 1977 ሆኗል።

የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ ተማሪውን «ምን ያህል ቆየ?» ብላችሁ አትጀምሩ። በቅድሚያ «አብቅቷል ወይ?» በሉት፤ ቀጥሎም «አንተ የት ቆመህ ነው የምታየው?» ብላችሁ ጠይቁት።