ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

አራስ ጥየቃ ሄዶ ገንፎ የቀመሰ ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማ አይወጣም። ስድስተኛ ልጇን ታቅፋ "በምን አሳድገዋለሁ?" ብላ ለምትጨነቅ እናት ጎረቤቶቿ "አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይሏታል። ደግ ቃል ነው። እዚያ ቤት ሲነገር "እኛም አለንልሽ" የሚል ትርጉም አለው፤ ያሉትም ሴቶች በማግስቱ አጥሚት ይዘው ይመለሳሉ።

ይኸው ቃል ሌላ ቦታ ሲነገር ግን ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ፣ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ሞታ አባቷ ሌላ ሲያገባ፣ የሩቅ ዘመድ "አስተምራታለሁ" ብላ ከገጠር አመጣቻት። ጠዋት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሲወርዱ እሷ ጀሪካን እየጎተተች ትወጣለች። ጣቶቿን በረኪና ልጧቸው ነበር። ማታ ልቅሶዋ ሲሰማ ደረጃው ላይ የተገናኘን ሰዎች "የሰው ቤት ነው፣ ምን ይደረጋል? ዕድሏ ነው" ተባብለን በየቤታችን ገባን። እኔም ብያለሁ።

"ዕድሏ" ያልነው ምን ነበር? የእናት ሞት፣ የአባት ዝምታ፣ የታጠፈ ቃል፣ የእኛ መዝጊያ። ከሞቱ በቀር ሁሉም የሰው ሥራ ነው። ድህነት ነው እንዳይባል፣ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ሽሮ ተሻምተው በፍቅር የሚያድጉ ልጆች ሞልተዋል፤ እሷ የምትደበደብበት ቤት ግን ጾሙን አድሮ አያውቅም። ወላጅ የሞተበት፣ ትዳር የፈረሰበት፣ መጠጥ የገባበት ቤት ልጅን ለጉዳት ያጋልጣል፤ ዱላውን የሚያደፋፍረው ግን "ልጄን ምን አደረጋችኋት?" ብሎ የሚመጣ ወገን መጥፋቱ ይመስለኛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በእጁ ያለን ልጅ ያንገላታ፣ ከአቅሙ በላይ ያሠራ ወይም የደበደበ እንደሚቀጣ ይናገራል። ዕድልን አይከስም፤ የሚጠይቀው አሳዳጊውን ነው።

ከሕንጻው ሥር ቆሎ የሚሸጡ እናት አንድ ጠዋት ጀሪካኑን ተቀበሏትና "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ዝም አለች። በዚያው ሳምንት ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዳ ሄዱ፤ ቢመልሷቸው ደግመው ሄዱ። ልጅቷ ዛሬ አንደኛ ክፍል ናት። በእናንተም ደረጃ ላይ ጀሪካን የምትጎትት ልጅ ካለች፣ ነገ ጠዋት ስሟን ጠይቋት።