አይጧን ማን ገደላት?

እባብ አይጾምም የሚል ካለ ተሳስቷል። ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ምግብ ሳይነካ ወራት ሊቆይ ይችላል። የማይችለው ሥጋ ትቶ ሽሮ መብላት ነው። ጾሙን የሚፈታው በሌላ እንስሳ ሙሉ አካል ነው፤ ከነፀጉሩ፣ ከነአጥንቱ። ይሄን መርጦ አይደለም፤ ሆዱ ሌላ ነገር አያውቅም። ስለዚህ ጨካኝ ልንለው አንችልም። ሰው ቤት የሚኖር ከሆነ ግን ምን እንደሚበላ የሚመርጥለት አንድ ሰው አለ። የማወራው ስለዚያ ሰው ነው።

እኔ የማውቀው ዘንዶ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ አክስቴ ቤት ነው። ባለቤቱ ልጇ ነው፤ እሱ ኮሌጅ ሲገባ መመገቡ ለእኔ ተረፈ። ሥራው እንደሚያስፈራው አይከብድም። የአይጧ ውፍረት እባቡ በጣም ከሚወፍርበት ቦታ ብዙ መብለጥ የለበትም፤ ለትንሽ እባብ ትንሽ አይጥ፣ ላደገው አይጠ መጎጥ። ቤት ውስጥ የተያዘች አይጥ አትሆንም፤ የአይጥ መርዝ በልታ ከሆነ መርዙ ለእሱም ይተርፋል። በረዶ ሆና የተገዛችው ማታ ከፍሪዘር ወጥታ ፍሪጅ ውስጥ ታድራለች፤ በማግስቱ ከነላስቲኳ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትቀመጣለች። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለይባቸው ትንንሽ ጉድጓዶች ስላሉት ቀዝቃዛ ሬሳ ምግብ አይመስለውም። ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ይዘህ ትንሽ ወዝወዝ ታደርጋታለህ። ይወረወርባታል፣ ይጠመጠምባታል፣ ያጠብቃል። የሞተችውን እንደገና ይገድላታል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ደስ አላለኝም።

«ተፈጥሮ እኮ ነው፣ በሕይወት እያለች ስጠው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቦአ የተባለው ዘንዶ የሚገድለው ትንፋሽ በማሳጣት ሳይሆን የደም ዝውውርን በማቆም ነው፤ ያም የሚጀምረው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ፈጣን ሞት ነው። በረዶ የሆኑት አይጦች ግን ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ አይጦች ከዚህ ጋዝ ለመሸሽ እንደሚሞክሩም ይታወቃል። ታዲያ ምኑ ተሻለ?

እኔ የሚታየኝ ሳጥኑ ነው። በዱር አይጥ ጉድጓድ አላት፣ ሣር አላት፣ የማምለጥ ዕድል አላት። መስታወት ሳጥን ውስጥ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ደግሞም እባቡ ካልራበው ነገሩ ይገለበጣል፤ የፈራች አይጥ ተጠቅልሎ የተኛ እባብን ክፉኛ ነክሳ ልታቆስለው፣ ልትገለውም ትችላለች። እሱም መሸሻ የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ ዘግተን ተፈጥሮ ነው ማለት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ስልክ አውጥተው የሚቀርጹትን ሳይ ደግሞ የራበው እባቡ ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኛል። የጋዙ ሞት ንጹሕ ባይሆንም ቢያንስ የማንም መዝናኛ አይደለም። እኔ በረዶዋን መርጫለሁ።

አክስቴ በሁለቱም አትስማማም። ፍሪዘሯን ከፍታ ከአገር ቤት በተላከላት በርበሬ አጠገብ የታሸገ የአይጥ ላስቲክ ያገኘች ቀን የተናገረችውን ሁሉ እዚህ መጻፍ አልችልም። ንዴቷ በረድ ሲል ግን ያለችው ነገር ከብዙ ክርክር ይበልጥብኛል። «እኛ ዶሮ ስናርድ በስመ አብ ብለን ነው። ይቺን ማን ምን ብሎ ገደላት?»

እዚያው ፍሪዘር ውስጥ ከሱፐርማርኬት የመጣ፣ ለዶሮ ወጥ የሚጠብቅ ዶሮ ነበር። እሱንም ማን ምን ብሎ እንደገደለው ሁለታችንም አናውቅም። ይሄን ላነሳባት ፈልጌ ተውኩት፤ ምክንያቱም ጥያቄዋን አያፈርሰውም፣ እንዲያውም ያሰፋዋል። በስመ አብ ብሎ የሚያርድ ሰው ለዶሮው ምን እንደሚያደርግለት እንጃ፤ ግን ገዳዩ እኔ ነኝ እያለ ነው። በአይጧ ላይ ግን ማንም እንደዚያ አይልም። እባቡ ሞታ ነው ያገኛት። እኔ አሞቅኳት እንጂ አልገደልኳትም። አርቢው ትዕዛዝ ነው የሞላው። በዚህ ሒሳብ አይጧ ገዳይ የላትም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲገጥመኝ ገንዘቡን የከፈለውን መፈለግ ይቀናኛል።

ቁጥሩን ላስላው። ያደገ እባብ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቢበላ በዓመት 26 ነው። 25 ዓመት ቢኖር፣ ይሄ ደግሞ ተንከባክበው ለያዙት የሚገርም ዕድሜ አይደለም፣ 650 አይጥ። እባብ የሚገዛ ሰው እነዚህንም አብሮ ይገዛል፤ ሱቁ ግን በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይጽፋቸውም። ድመትስ? ድመትም ሥጋ በል ናት። ምግቧ በቆርቆሮ ስለሚመጣና ጭራ ከአፏ ስለማይንጠለጠል ዝም እንላታለን እንጂ ጥያቄው እሷንም ይነካል።

ከዚህ ተነስቼ እባብ ማሳደግ ኃጢአት ነው አልልም። ግን ባለቤቱ የጣለውን እባብ ወስዶ በሚያሳድግና ለቀለሙ ብሎ አዲስ በሚያስፈለፍል ሰው መካከል ትልቅ ልዩነት አያለሁ። የመጀመሪያው ያለውን ረሃብ ነው የሚመግበው። ሁለተኛው ለቢጫ ነጠብጣብ ሲል አዲስ ረሃብ ይፈጥራል፤ ቦል ፓይተን ደግሞ በየጊዜው አዲስ ቀለም ስለሚወጣለት ገበያው የደራ ነው። የአክስቴ ልጅ የእሱን ያገኘው ቤት ከሚቀይር ጓደኛው ነው። ይሄን ስነግራት አክስቴ «ታዲያ ፍሪዘሩን ለምን አብሮ አላመጣም?» አለች።

ባለፈው ክረምት እባቡ መብላት አቆመ። ለዘሩ የተለመደ ነው፤ ክብደቱ እስካልቀነሰ አያሳስብም። ችግሩ እየራበው እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቀው አይጧ ከቀለጠች በኋላ መሆኑ ነው፤ አንዴ የቀለጠች ደግሞ ተመልሳ አትቀዘቅዝም። በየሁለት ሳምንቱ አቀልጣለሁ፣ አሞቃለሁ፣ አወዛውዛለሁ፤ እሱ ፊቱን ያዞራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሦስቱንም በጋዜጣ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር አወጣኋቸው። ከዚያ በኋላ ወሩ አልቆ ራሱ አፍንጫውን አውጥቶ ማሽተት እስኪጀምር ድረስ ሌላ አላቀለጥኩም።