ዳኛ የሌለበት ጨዋታ

የሚያይ ሰው በሌለበት ቦታ ሕግን መጠበቅ ይቻላልን? ይህ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲመራመሩበት የኖሩት ታላቅ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ወደዚህ ጥያቄ የደረስሁት በታላላቅ መጻሕፍት በኩል ሳይሆን በአንዲት ትንሽ የልጆች ጨዋታ በኩል ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩ ከጨዋታ የተጀመረ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሰው በሥራ ላይ ሳለ ጠባዩን ሊሰውር ይችላል፤ በጨዋታ ላይ ግን ሳያስበው ይገልጠዋል።

ጨዋታው ምን ዐይነት እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቾቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ሰውነት ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ ይሆናል። ከዚያም በሐሳብ ወደ ምድር ውስጥ ዋሻ ይወርዳሉ፤ በጨለማ ከክፍል ወደ ክፍል እያለፉ ከአውሬ ጋር ይዋጋሉ፤ ከወጥመድ ያመልጣሉ፤ የተሸሸገ ሀብት ይፈልጋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ግን ጀግና አይሆንም፤ እርሱ የጨዋታው መሪ ነው። የመሪው ሥራ ሦስት ነው፤ የዋሻውን ንድፍ ደብቆ ይይዛል፤ በአውሬዎቹ ፋንታ ሆኖ ያስባል፤ ደንቡ ያልተናገረው ነገር ባጋጠመ ጊዜ ይፈርዳል። እንግዲህ ይህ ሰው ምስጢር ጠባቂም፣ ባላጋራም፣ ዳኛም ነው ማለት ነው።

ሦስቱ የልጄ ልጆች ይህን ጨዋታ ለመጫወት ባሰቡ ጊዜ አንድ ችግር ተነሣ። ሦስቱም ጀግና መሆን ፈለጉ፤ መሪ መሆን የፈለገ ግን አልተገኘም። ስለዚህ መሪ የሌለበት ጨዋታ ራሳችን እንሥራ ተባባልን። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ከአርነሰን ጋር ይጫወት የነበረው ዴቪድ ሜጋሪ የሠራው «ደንጀን» የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ያለ መሪ የሚካሄድ ሆኖ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. የወጣው «ሂሮክዌስት» አንዱን ተጫዋች በክፉዎቹ ወገን ሲያስቀምጥ፣ አይዛክ ቻይልድረስ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. የወጣው «ግሉምሄቨን» ግን ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሳቸው በካርታ ነው።

እኛም የመሪውን ሦስት ሥራዎች ለሌላ ነገር ማካፈል ጀመርን። ምስጢሩን ለካርታ ሰጠነው። በአሥራ ሁለት ወረቀቶች ላይ አሥራ ሁለት ክፍሎች ሣልን፤ ሀብቱ ያለበትን ክፍል ከመጨረሻዎቹ ስድስት ጋር በውዘን ሌሎቹን ስድስት በላዩ ደረብንበት። እንዲህ በመሆኑ ሀብቱ ወዲያው አይገኝም፤ የት እንዳለም ማንም አያውቅም። የአውሬውን ሐሳብ ለደንብ ሰጠነው፤ «አውሬ ለእርሱ ቅርብ የሆነውን ሰው ይመታል» ብለን ጻፍን። የቀረውን ለዕጣ ተውነው። ዕጣውም ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያለባቸው ሁለት ዳይሶች ናቸው።

በመጀመሪያ አውሬን ለማሸነፍ የሁለቱ ዳይሶች ድምር 10 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት ብለን ደነገግን። ሁለት ዳይሶች ሲጣሉ 36 ዐይነት አወዳደቅ አለ፤ 10ና ከዚያ በላይ የሚሰጡት 6ቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጀግኖቻችን ሁሉ ሁለተኛው ክፍል ሳይደርሱ ሞቱ፤ ልጆቹም ተስፋ ቈረጡ። ወደ 8 ብናወርደው 15 ሆነ፤ ባልንጀራ አጠገቡ ሲቆም አንድ ይጨመርለት ብንል ደግሞ 21 ሆነ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሳይታዘዙ ተጠጋግተው መሄድ ጀመሩ። ከዚህም አንድ ነገር ተማርሁ፤ ሊፈጸም የማይቻል ሕግ ሰውን ሕግ አክባሪ አያደርገውም፤ በጎ ሥራን የሚጠቅም አድርጎ የሚያሳይ ሕግ ግን ያለ ተግሣጽ ያስተምራል።

ነገር ግን ብዙም ሳንቆይ ጠብ ተነሣ። አንድ አውሬ ከሁለቱ ልጆች እኩል ርቀት ላይ ቆመ። ማንን ይምታ? ደንቡ ዝም ብሏል። ሁለቱም «እርሱን እንጂ እኔን አይመታም» እያሉ ተሟገቱ። መሪ ቢኖር ኖሮ በአንድ ቃል በቈረጠው ነበር። እዚህ ላይ ዳኛን ማስወገድ ዳኝነትን ማስወገድ እንዳልሆነ ገባኝ። ፍርዱ አልጠፋም፤ ወደ እያንዳንዳችን እጅ ገባ እንጂ። ደንብ ስንጨምር ሌላ ያልታሰበ ነገር ይመጣል፤ ለእርሱም ስንጨምር ሌላ። በመጨረሻ አንድ ጠቅላላ ደንብ ጻፍን፤ «ደንቡ ዝም ባለ ጊዜ፣ ለእኛ የሚከፋው ይሁን።» እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በወጣው «አርካም ሆረር» በተባለው የካርታ ጨዋታ ውስጥም ይህን የመሰለ ደንብ አለ። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ሰው በገዛ ጉዳዩ ላይ ዳኛ ሲሆን ሚዛኑ ሳያውቀው ወደ ራሱ ያጋድላል፤ ስለዚህ ዐውቆ ጥቂት ወደ ሌላው ወገን ቢያዘነብለው ወደ ትክክል ይቀርባል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የረቀቀ ነበር። መሪ የለም ብንልም መሪ አላጣንም። ታላቅየው «አንተ እዚህ ቁም፤ አንቺ ያንን በር ክፈቺ» እያለ ሁሉን ያዝ ጀመር፤ ታናሾቹም እጆቹ ብቻ ሆነው ቀሩ። የተሾመ መሪ ቢያንስ ወንበሩ የታወቀ ነው፤ በግልጥ ሊነቀፍም ይችላል። ያልተሾመው ግን «እኔ እኮ ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» ይላል። በ«ግሉምሄቨን» ተጫዋቾች የካርታቸውን ቍጥር እንዳይነጋገሩ የተከለከለ ነው፤ እኛም እያንዳንዱ የሚሠራውን ሥራ በወረቀት ጽፎ ሁሉም በአንድነት እንዲገልጡት አደረግን። ታላቅየው ጥቂት አኰረፈ፤ ታናሽቱ ግን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። ጨዋታው አንድ ሰው ብቻውን ሊጫወተው የሚቻል ስለ ሆነ፣ አንድ ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ልሞክረው ተቀመጥሁ። በመጨረሻው ክፍል ደረስሁ፤ ጀግናዬ ሊሞት አንድ ቍስል ብቻ ቀርቶታል። ዳይሶቹን ብጥል 5 ሆነ። ከዳይሶቹ አንደኛው የቡና ሲኒውን ነክቶ ነበርና «ይህ አይቈጠርም» አልሁ። ደግሜ ብጥል 9 ሆነ፤ ሀብቱንም አገኘሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው 11 ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሲኒውን አስታውሰው ነበርን? አላስታውሰውም ነበር። ጠዋት ትንሹ ልጅ «አባባ፣ ማታ ከዋሻው ወጡ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወጣሁ» አልሁት። ለብዙ ዓመት በፈተና የሚሰርቁ ልጆችን ስቀጣ የኖርሁ አስተማሪ፣ በወረቀት ዋሻ ውስጥ ሰረቅሁ፤ ከዚያም ለሕፃን ዋሸሁ። ቍርሱ አልዋጥልህ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነገሩን እንደ ሆነው ነገርኋቸው። ይሥቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሣቁም። ትንሹ ልጅ ደብተሩን ከፍቶ «እንግዲያው ደንብ እንጻፍ» አለና «ዳይስ ከጠረጴዛው በቀር ሌላ ነገር ቢነካ፣ ጥሩም ቢወጣ ክፉም ቢወጣ ይደገማል» ብሎ ጻፈ። «ጥሩም ቢወጣ ክፉም ቢወጣ» ያለውን ልብ በሉ። እኔ ያደረግሁትና እርሱ የጻፈው በመልክ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዳይስ ይደገም ይላሉ። ልዩነታቸው ግን የእርሱ ዳይሱ ሳይወድቅ የተነገረ፣ የእኔ ከወደቀ በኋላ የተፈለሰፈ መሆኑ ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሕግ ነው፤ በኋላ የተፈለሰፈው ሰበብ ነው።

አንዳንድ ሰው «መሪ ቢኖር እኮ ይራራልህ ነበር፤ ምሕረት የሌለበት ሕግ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ይህ ቸል የሚባል ክርክር አይደለም፤ ደግ ዳኛ ከደረቅ ደንብ ይሻላልና። ነገር ግን ምሕረትም አስቀድማ ልትጻፍ ትችላለች። እኛም «እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ባልንጀራውን ከሞት ማዳን ይችላል፤ ራሱን ግን አያድንም» ብለን ጨመርን። ምሕረት ለሌላው ሲሰጧት ምሕረት ናት፤ ለራስ ሲሰጧት ግን ብዙ ጊዜ አድልዎ ትሆናለች።

ትንሹ ልጅ ይህን ሁሉ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ቀና ብሎ «ብቻውን የሚጫወት ሰው ደንቡን ባይጠብቅስ? ለእርሱ ምን እንጻፍ?» አለኝ። ብዙ አሰብሁ። ለእርሱ የሚጻፍ ደንብ የለም። ደንብን ጠብቅ የሚል ደንብ ብንጽፍ፣ እርሱንም ደግሞ የሚጠብቅለት ያስፈልገዋል። ካርታው ምስጢሩን፣ ደንቡ የአውሬውን ሐሳብ፣ ዳይሱ ዕጣውን ተሸክመውልናል፤ አንዲት የመጨረሻ ነገር ግን ከተጫዋቹ ኅሊና በቀር የሚሸከማት አልተገኘም።

ይህ በጨዋታ ብቻ አይደለም። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ ዳኛም ወታደርም በአጠገቡ ባይኖር ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ያን ሰው ያቆመው ዱላ አልነበረም፤ በውስጡ የተቀመጠ ዳኛ ነበር። እንዲህ ስል የውጭ ዳኛ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ጠብ በበዛበት ዓለም ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። ነገር ግን ዳኛውንስ ማን ይዳኘዋል? በላዩ ሌላ ዳኛ ብናስቀምጥ፣ በዚያም ላይ ሌላ፣ በመጨረሻ ማንም የማያየው አንድ ሰው ይቀራል። የሁሉም ፍርድ ያረፈው በዚያ ሰው ኅሊና ላይ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም እንዲህ ያለ ጨዋታ ሥሩ፤ ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ዳይስ ይበቃችኋል። ደንባችሁን ዳይሱ ሳይወድቅ ጻፉ። ደንቡ ዝም ሲል በራሳችሁ ላይ ፍረዱ። ከመካከላችሁ ዝም የሚለውን አስቀድማችሁ ጠይቁት። አንድ ሌሊትም ብቻችሁን ተጫወቱ፤ ዳይሱም ክፉ በወጣ ጊዜ እንደ ወደቀ ተዉት። ጀግናችሁ ይሞት ይሆናል፤ ጠዋት ግን ለሚጠይቃችሁ ሕፃን እውነቱን ትነግሩታላችሁ።