ለሞተ ወዳጅ መታሰቢያ ስለሚሆን ምጽዋት

አንባቢ ሆይ፤ ወዳጅህ በሞተ ጊዜ ምን አደረግህ? አለቀስህ፤ ቀበርህ፤ ሦስት ቀን በድንኳን ተቀመጥህ፤ ከዚያም ወደ ሥራህ ተመለስህ። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷልና ልቅሶህን የሚነቅፍ የለም። እኔ የምጠይቅህ ግን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ። በልጅነታችን ባንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል፤ በኋላም እርሱ አስተማሪ፣ እኔ ወንጌል ሰባኪ ሆነን ሳንለያይ ኖርን። በአንጀቱ ውስጥ ካንሰር የሚባለው ክፉ ነቀርሳ ወጣበት። መጀመሪያ የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ናቀው፤ ከዚያም ስሙን መጥራት አፍሮ ከእኛ ሸሸገው፤ ወደ ሐኪም በደረሰ ጊዜ በሽታው ወደ ጉበቱ ተዛምቶ ነበር። ማፈር ምን ያህል ሰው እንደ ገደለ እግዚአብሔር ያውቃል። ይህ በሽታ የእርግማን ምልክት አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠውንም ሰው እንደ ሳል አይዝም።

በአጠገቡ ባለው አልጋ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ገበሬ ተኝቶ ነበር። ገበሬው ከአልጋው ተነሥቶ የጨረር ሕክምና እንዲቀጥል ታዘዘለት። ይህ ሕክምና ባንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ ጤነኛው ሥጋ እንዳይጎዳ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍሎ ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ይሰጣል። በኢትዮጵያም የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከዳር አገር የሚመጣው በሽተኛ ቤቱንና እርሻውን ትቶ በከተማ መሰንበት ግድ ይሆንበት ነበር። ድኻ ሕክምናውን ቢያገኝ እንኳ ማደሪያውን ያጣል። ያም ገበሬ ቀን ታክሞ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ያድር ጀመር።

ወዳጄ ይህን በሰማ ጊዜ ጠራኝና «ወንድሜ፣ ለአርባዬ ሰንጋ አትጣሉ። ገንዘቡን እንደዚህ ላለ ሰው ማደሪያ አድርጉልኝ» አለኝ። እኔም ቃል ገባሁለት። በሳምንቱ አረፈ።

ቃል የገባሁት በደስታ ነበር። ከተማርሁ ጀምሮ የተዝካርን ድግስ ስነቅፍ የኖርሁ ሰው ነኝና። ድኻ ለተዝካር ተበድሮ ልጆቹን ባለዕዳ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ነቀፌታዬንም ዛሬ አልተውሁም። ነገር ግን ስማኝ። አርባው ደረሰ፤ ድግሱ ቀረ፤ ከወዳጆች የተሰበሰበውም ገንዘብ በእኔ ሣጥን ውስጥ ቀረ። መጀመሪያ «ጥቂት ይጨመርበት» አልሁ። ቀጥሎ ስሙ የተቀረጸበት እብነ በረድ በአንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ብናቆምስ ብዬ አሰብሁ፤ እውነቱን ልናገርና ከስሙ በታች የአሰባሳቢው ስም በትንሽ ፊደል ቢጻፍ አልጠላም ነበር። እንዲህ እያልሁ ስድስት ወር አለፈ።

አንድ ቀን እናቱ ወደ ቤቴ መጡ። እርሳቸው በአባቶቻቸው ሥርዓት የጸኑ ሽማግሌ ናቸው። «ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁ ተዝካር አያስፈልግም ትላላችሁ፤ ይሁን። እኔ በአቅሜ ንፍሮ ቀቅዬ ዳቦ ጋግሬ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት በስሙ አበላሁ። አንተስ ያን ገበሬ የት አደረስኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ገበሬውን ባፈላልግ ሕክምናውን ሳይፈጽም ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። ድግስ የናቅን እኛ፣ ያስቀረነውን እንጀራ ለማን ሰጠነው? በኪሳችን ከቀረ፣ ንፍሮ ያበሉት እናት ከእኛ ይልቅ ወንጌሉን አውቀውታል።

በኢዮጴ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር፤ መታሰቢያዋን ለብሰውት ቆመው ነበርና። በአገራችንም አቶ ወንዱ በቀለ ሕፃን ልጃቸው ማቴዎስ በደም ካንሰር ሞቶባቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓመት በስሙ ማኅበር አቋቁመዋል፤ የአባት ኀዘን ለማያውቃቸው በሽተኞች መጠጊያ ሆነ። በካናዳ አገር ቴሪ ፎክስ የሚባል ጎልማሳ ቀኝ እግሩን በአጥንት ካንሰር ምክንያት ካጣ በኋላ፣ በ1980 ዓመት በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ ለምርምር የሚሆን ገንዘብ ሰበሰበ፤ በሽታው ወደ ሳንባው ቢዛመት አቆመ፤ በ1981 በ22 ዓመቱ ሞተ። እርሱን ያስሮጠው በሕክምና ሳለ ያያቸው ሌሎች በሽተኞች፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ መከራ ነበር።

እንግዲህ አንተም ለወዳጅህ መታሰቢያ ልትሰጥ ብትወድ፣ አስቀድመህ ወደ ቤቱ ሂድ። ሚስቱ የሐኪም ቤት ዕዳ ተሸክማ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው እንደ ሆነ፣ ገንዘብህን ወደ ሩቅ አትላከው። ከዚያም በሽተኛውን «ምን ጎደለህ?» ብለህ ጠይቅ እንጂ የሚያስፈልገውን አንተ አትገምትለት፤ አንዳንዱ የመኪና ኪራይ ያጣል፣ አንዳንዱ የሕመም ማስታገሻ፣ አንዳንዱም አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው። ባንድ ጊዜ ብዙ ሰጥተህ ከመርሳት በየወሩ ጥቂት ስጥ። የሰዎችን ገንዘብ የያዝህ እንደ ሆነ ደግሞ እንደ እድር ጸሐፊ በመዝገብ ጻፍና ለሁለት ሰው አሳይ፤ ሣጥን የሰውን ልብ እንዴት እንደሚያታልል እኔ አውቃለሁ።

ያን ገንዘብ ከሣጥኔ አውጥቼ ከወዳጆች ጋር ሁለት ክፍል ተከራየንበት። ለሕክምና የመጡ ድኾች ያድሩበታል። በግድግዳው ላይ ማንም ስም አልጻፈበትም። እናቱ ግን በየወሩ ልጃቸው ባረፈበት ቀን ንፍሮ በሰፌድ ይዘው ይመጣሉ፤ በሽተኞቹም የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ሲጠይቁ፣ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ይነግሯቸዋል።