የተፈጥሮ ሕግና የፍጥረት እምነት

ከመተማ ማዶ ገላባት አለ፤ ከገላባትም ወዲያ የገዳሪፍ ጥቁር መሬት ተንጣሎ ይታያል። በዚህ ምድር ማሽላና ሰሊጥ የሚያመርተው ሱዳናዊም ሆነ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው ኢትዮጵያዊ፣ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ ያምናል። ዝናም ሲዘገይ፣ ሕመም ሲጠናም ምክንያቱን ከእርሱ ዘንድ ይሻል። የፊዚክስ ትምህርት በበኩሉ ተፈጥሮ በማይዛነፍ ሕግ እንደምትመራ ያስረዳል። ለመሆኑ ሁሉም በሕግ የሚሠራ ከሆነ ለፈጣሪ የቀረው ሥራ ምንድን ነው?

ጥያቄው ዛሬ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል ጋዛሊ፣ ጥጥ እሳት ሲነካው የሚቃጠለው በእሳቱ ኃይል ሳይሆን በአምላክ ፈቃድ ነው ብለው ጽፈዋል። በ1198 ያረፉት ኢብን ሩሽድ ደግሞ የነገሮችን ምክንያት መካድ ዕውቀትን ራሱን መካድ ነው ሲሉ መለሱ። ይሁንና እኒያው ጋዛሊ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚቃወሙ ሰዎች የሚጎዱት ሃይማኖትን ነው ሲሉ አስጠንቅቀዋል።

ለዚህም መነሻ ነበራቸው። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው፣ የነቢዩ መሐመድ ሕፃን ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ጨለመች። ሕዝቡ ስለ ኢብራሂም ሞት የጨለመች መስሎት ነበር። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ የአምላክ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት የሚጨልሙ እንዳልሆኑ ተናግረው ሕዝቡን ለጸሎት ጠሩ። ልጁን የቀበረ አባት ሰማይ ለኀዘኔ አላለቀሰም ብሎ መመስከሩ ቀላል ነገር አይደለም።

የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ከዚህ የራቀ አልያዙም። ባሕረ ሐሳብ ጾሙንና በዓሉን የሚያወጣው የፀሐይና የጨረቃ ጉዞ እንደማይዛነፍ ተማምኖ ነው። 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ስለሚገጥሙ አበቅቴውና መጥቅዑ በዚሁ ንዑስ ቀመር ይመላለሳሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ ቀለበት መስላ ስትታይም ሰዓቱ አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር። ቀመሩን ለሚያወጣው ሊቅ የሰማይ ሥርዓት የፈጣሪ ታማኝነት መገለጫ እንጂ የፈጣሪ አለመኖር ማስረጃ አይደለም።

በመሠረቱ ሕግ ስንል ምን ማለታችን ነው? ኒውተን በ1687 ያሳተመው የስበት ሕግ ድንጋይ እንዴት እንደሚወድቅ በቁጥር ይገልጻል፤ ድንጋይ የሚባል ነገር ስለ ምን እንደኖረ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሕጉ የፈጣሪን ቦታ ሊወስድ አይችልም። በአንጻሩ «ሕግ ካለ ሕግ አውጪ አለ» ብሎ መደምደምም ችኮላ ነው። «ሕግ» የሚለው ቃል ከነገሥታት ዐዋጅ የተዋስነው ምሳሌ ነውና። በዚህ ረገድ ፊዚክስ ለአማኙም ለማያምነውም አይፈርድም።

ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በመተማና በገዳሪፍ ቆላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። ትኩሳቱ ይረዝማል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። «እግዜር ሲቆጣ በትር አይቆርጥም» እንዲሉ፣ ሕመሙን የቁጣ በትር አድርጎ የሚያይ ሰው ዕጣውን ሲጠባበቅ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ሕመሙ ግን የራሱ ሕግ አለው። ሊሽማንና ዶኖቫን በ1903 ያስታወቁት ተሕዋስ የሚተላለፈው በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራርና በበደኖ ዛፎች አካባቢ በምትኖር የአሸዋ ዝንብ ነው። ዝንቧ ሌሊት ወጥታ በሜዳ የተኛውን ሠራተኛ ትነክሳለች። የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው የ17 ቀን ጥምር መርፌም የተፈተነው የጎንደርና የገዳሪፍ ሐኪሞች በተካፈሉበት ጥናት ነው።

እዚህ ላይ አማኙን የሚፈትን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ሕጉ የፈጣሪ ከሆነ የዝንቧም ሕግ የእርሱ አይደለምን? ሕፃን ልጅ በካላዛር ሲሞት ይህ ጥያቄ በፍልስፍና ብልኀት የሚታለፍ አይሆንም። መልስ አለኝ የሚል ቢኖር አስቀድሞ በታማሚው አልጋ አጠገብ ይቁም።

አንድ ነገር ግን ሕጉ ራሱ ያስተምረናል። የአሸዋ ዝንብ ጻድቁን ከኃጥኡ፣ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለይታ አትነክስም። እንግዲያው የታመመው ሰው ከጤነኛው ይልቅ የተረገመ አይደለም። መድኃኒቱም ሰው አይለይም። ስለዚህ በአጎበር ሥር መተኛትና በጊዜ ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባውም። ፍጥረት በሥርዓት የተሠራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ያንን ሥርዓት አጥንቶ ወንድሙን ከሞት ማዳን ግዴታው ነው። ጸሎቱም ከዚህ ጋር አይጣላም።