የእንስሳት ስቃይና የሰው ልጅ ኃላፊነት

ሰውን ለማዳን ሲባል እንስሳን ሆን ብሎ ማሳመም ይፈቀዳልን? የእግዚአብሔርን ፍጥረታት እንዲወዱ የምናስተምራቸው ልጆች አንድ ቀን ይህን ቢጠይቁን፣ መልሳችን ምን ይሆናል?

በአሜሪካ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ደረቅ ምድር ኮክሲዲዮይድስ የተባለ ፈንገስ አለ። ከአቧራ ጋር በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሰውንም ውሻንም ያሳምማል፤ አንዳንዱንም ይገድላል። ሰውን ከፈንገስ በሽታ የሚጠብቅ በይፋ የተፈቀደ ክትባት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ተመራማሪዎች አዲስ ክትባት ሲያዘጋጁ አስቀድመው አይጦችን ከትበው ፈንገሱን ይሰጧቸዋል። ለማነጻጸሪያ ሳይከተቡ የቀሩት ታመው ይሞታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2417 እና 2418 እንደሚያስረዳው፣ እንዲህ ያለው ሙከራ ተገቢ ልኩን ከጠበቀና የሰውን ሕይወት ለማዳን ከረዳ የተፈቀደ ነው። እንስሳትን በከንቱ ማሠቃየት ግን የሰውን ክብር ይቃረናል። እንግዲህ ፈቃዱ የተሰጠው ለችግሩ መጠን ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ልኩን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ከተገደለ ፈንገስ የተሠራ ክትባት አይጦችን ጠብቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከ2,800 በላይ ፈቃደኛ ሰዎች ላይ ሲሞከር ግን የሚያስተማምን ጥቅም አልታየበትም፤ ክንድን ስለሚያሳብጥና ስለሚያሳምም፣ ከአካል ክብደት አንጻር ለአይጦች የተሰጠውን ያህል ለሰው መስጠት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ሌላ ክትባት ውሾችን ከዚሁ በሽታ እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ጥናት ታትሟል። ጥቅሙ ለውሾችም ነው፤ ሳይከተብ እንዲታመም የተደረገው ውሻ ግን ከዚያ ጥቅም አልተካፈለም።

ስለዚህ «ለሰው ይጠቅማል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት ግዴታዎችን አስቀምጠዋል፦ በሚቻልበት ሁሉ እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ስቃያቸውንም ማቅለል። እነዚህን ቸል ያለ ተመራማሪ በተሰጠው ፈቃድ ያላግባብ ይጠቀማል።

ይህ ነገር የቤተ ሙከራ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። ከአቅሟ በላይ ተጭና የምትደበደብ አህያ በየመንገዳችን እናያለን። አገልግሎቷን መቀበል ተፈቅዶልናል፤ ጭካኔው ግን አልተፈቀደልንም። ለልጆቻችንም መልሳችን ይኸው ነው፦ በእጃችን የተሰጠን ፍጥረት ለሚከፍለው ስቃይ በፈጣሪ ፊት መልስ እንሰጥበታለን።