ሚስዮናውያን ያልነበሩባቸው ዓመታት

የአፍሪካን አብያተ ክርስቲያናት ለመጎብኘት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ቡድኖች ጥቂት አይደሉም። መኪናው ከአጥቢያው በር ሲቆም እልልታው ይቀልጣል። እናቶች በጆግ ውሃ ይዘው እጅ ያስታጥባሉ፤ ለበዓል የተቀመጠው ዶሮ ለእንግዳ ይታረዳል። እንግዶቹ አብረው ይጸልያሉ፣ የክፍል ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፣ በሳምንቱ ይሰናበታሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ ሥራው የማን ነው?

ኬንያዊው የፕሪስቢቴሪያን ቄስ ጆን ጋቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ አንሥተው የውጭ ሚስዮናውያን ቢያንስ ለ5 ዓመት ይውጡ አሉ። በ1974 ሉሳካ ላይ የተሰበሰበው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ጥሪውን ደገፈ። ክርክሩ ጋለ። ያለ ውጭ ገንዘብና ያለ ውጭ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትቆማለች ወይ?

ወላይታ ይህን ፈተና ቀደም ብላ አልፋዋለች። በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን በ1928 ጅማን አስቦ ቢነሣም ሥራውን የጀመረው በደቡብ፣ በሶዶና በአካባቢው ነበር። ጣሊያን በ1937 ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት ምእመናን 48 ገደማ ነበሩ። ቀጥሎ የመጣው መከራ ነው። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፤ ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። አማኞቹ ግን ስንቅ ቋጥረው እስረኞቻቸውን መጠየቅ አላቋረጡም። ይህን ያየ ጎረቤት “እንዲህ የሚያዋድዳቸው ምንድን ነው?” ማለቱ አልቀረም። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ነበር።

እንዲህ ያለ ስደት ይደገም የሚል የለም። ዘሩን ያመጡት እንግዶቹ መሆናቸውም አይካድም። ሆኖም ወደ 5 ዓመት የተጠጋው ያ ጊዜ እንግዳው በቤት ሳለ ያልታየውን ገለጠ፤ ባለቤቶቹ ማስተማሩንም፣ ማስተዳደሩንም፣ መከራ መሸከሙንም ያውቁበታል። ስለዚህ ዛሬ የሚመጣ ጎብኚ የቀለም ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ እንዴት እንደጸኑ ቢሰማ የሚያተርፈው እሱ ነው።

የወላይታ ወንጌላውያን ራሳቸው በኋላ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ አሪ ተልከዋል። ብዙዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ሄደው የአገሩን ቋንቋ ተምረዋል፤ እዚያው ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ጉብኝት የምታዘጋጁ አጥቢያዎች ሆይ፣ ያን ያህል መቆየት ባይቻላችሁ እንኳ የቀኑን መርሐ ግብር አስተናጋጆቻችሁ ያውጡት።